ጠባቂ ከሌለ የፓርኩ በር ይዘጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በበጀት ጭቅጭቅ ገንዘብ ሳይጸድቅ ቀርቶ የአሜሪካ መንግሥት በተዘጋ፣ ማለትም ብዙው የመንግሥት ሥራ በቆመ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ደመወዝና ስለ ኤርፖርት ሰልፍ ነው። ብሔራዊ ፓርኮቹን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እሱ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ዘግይቶም ቢሆን ይከፈላል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግም ይህንኑ ይላል። የተቆረጠ ዛፍን ግን የትኛውም ሕግ አይመልሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት ለ16 ቀን ሲዘጋ ፓርኮቹም አብረው ተዘጉ። ሰው ተናደደ፣ እውነቱን ነው፤ ከሩቅ አገር ትኬት ቆርጦ መጥቶ ከግራንድ ካንየን ደጃፍ መመለስ ያበሳጫል፣ በየፓርኩ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ከተሞችም ገቢያቸው ከጎብኚ ነው። በዲሴምበር 2018 መንግሥት እንደገና ሲዘጋ ይህን ቁጣ ለማስቀረት ይመስለኛል፣ ብዙዎቹ ፓርኮች ክፍት ሆነው ቆዩ። አብዛኛው ሠራተኛ ግን ቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ። 35 ቀን!

የሆነውን አየን። ቆሻሻው ሞልቶ ፈሰሰ። ዮሰሚቲ ውስጥ ሰው መንገድ ዳር እየተጸዳዳ ስላስቸገረ የፓርኩን አንዳንድ ቦታዎች መዝጋት ግድ ሆነ። ጆሹዋ ትሪ የተባለው የበረሃ ፓርክ ደግሞ ባሰ። ባለመኪኖች ከመንገድ እየወጡ በረሃው ላይ የራሳቸውን መንገድ አወጡ፣ ዛፎችም ተቆረጡ። ፓርኩ የተሰየመበት የጆሹዋ ዛፍ በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አያድግም። በረሃ ላይ የጎማ ዱካ ራሱ ለብዙ ዓመታት አይጠፋም።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ለጥገናና ለጎብኚዎች አገልግሎት ከተጠራቀመው የመግቢያ ክፍያ ተወስዶ ለዕለት ሥራ ዋለ። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2019 ይህ ሕግ መጣስ ነው አለ። በ2025 መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋም ያው ተደገመ፦ ከ14,500 ገደማ ሠራተኞች ከ9,000 በላይ የሚሆኑት ከሥራ ውጭ፣ መንገዱና የእግር መሄጃው ክፍት፣ ወጪው ከመግቢያ ክፍያ። ዕድሜያቸውን ፓርክ ሲያስተዳድሩ የኖሩ የቀድሞ ኃላፊዎች መንግሥት ገና ሳይዘጋ ፓርኮቹን ዝጉ ብለው ጽፈው ነበር። ማን ሰማቸው?

መፍትሔ የለም አይባልም። በ2013 ዩታ፣ አሪዞናና ኒው ዮርክ ከራሳቸው ካዝና ከፍለው ግራንድ ካንየንን፣ የነፃነት ሐውልትንና ሌሎችንም በሠራተኛ አስከፍተዋል። የሚከፍል ክፍለ ግዛት ካለ ጠባቂው ሥራው ላይ ሆኖ ፓርኩ ይከፈት፣ ከሌለ ይቆለፍ። ሰው ይቆጣል፣ ይቆጣ። በሩ ክፍት ሲሆን የበጀቱ ጭቅጭቅ ምን እያስከፈለን እንደሆነ አይታይም፣ ጉዳቱም ተሸፋፍኖ ይቀራል። ሲዘጋ ግን ሰው ስልኩን አንስቶ ወደ ኮንግረስ ተወካዩ ይደውላል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ