እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ በር ላይ ለቆመችው እህቴ

ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። የሆነውን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም፣ ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ነጭ የደም ሴሌን አወረደው፣ ኢንፌክሽን ገባ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ከኔ ይልቅ እናንተ ታስታውሱታላችሁ። ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ መጻፍ ቻልኩ፣ ተመስገን።

ታናሽ እህቴ ስሜን እንዳትጠሪ ብላኛለች፣ እሺ አልጠራሽም፣ ዝም ግን አልልም። ሐኪሙ "ከኬሞው በኋላ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ኒውትሮፊል የሚባሉት ጀርም የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይወርዳሉ፣ ያኔ ትኩሳቷ 38 ከገባ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት" ያላትን ወረቀት ላይ ጽፋ ራስጌዬ የለጠፈችው እሷ ናት። ያን ሌሊት ቴርሞሜትሩ 38.4 ሲል እኔኮ ሳል የለኝ ቁስል የለኝ፣ ትንሽ ብርድ ብርድ ብቻ ነበር የሚለኝ። ለካ የሚዋጋው ሴል ከሌለ እብጠቱም መግሉም ላይታይ ይችላል፣ አንዳንዴ ያለው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። አንድ ሰው ፓራሲታሞል ትዋጥና ይንጋ ሲል "ትኩሳቱን ይደብቅብናል" ብላ ከእጁ ነጠቀችው (ራስህን ታውቃለህ፣ አንተንም እወድሃለሁ)። ድንገተኛ ክፍል ገና ከመግባታችን "ኬሞ ላይ ናት፣ ትኩሳት አላት!" ብላ ጮኸች፣ ደም ተቀድቶ የካልቸሩ (ጀርሙን የሚለየው ምርመራ) ውጤት ሳይጠበቅ አንቲባዮቲኩ በደም ስሬ ተጀመረ።

ቆይ እንባዬ መጣ።

ደሞ ያ በር። ጉንፋን የያዘውን፣ ልጅ ይዞ የመጣውን፣ እጁን ያልታጠበውን፣ አበባ ያመጣውን ሳይቀር (አዎ፣ የአበባው ውሃም ጀርም ይይዛል) ስትመልስ ስንቱ ተቀየማት። "እህትሽን አሰርሻት" እንደተባለች ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ እንዲወዳት የምትፈልግ ልጅ ናት እኮ፣ ለኔ ስትል ክፉ ተባለች። ጉሮሮዋን የከረከራት ቀን ደግሞ ራሷን ከልክላ ከግድግዳው ማዶ ሆና በስልክ ስታወራኝ አደረች።

ሐኪሞቼ፣ ነርሶቼ፣ ላብራቶሪ ያላችሁ፣ ደም የለገሳችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጭ ሴል እንዲመረት የሚሰጠው መርፌ አጥንቴን ሲቆረጥመኝ "መቅኒሽ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው" ያልሽኝ ነርስ፣ በዛች ቃል ነው ያደርኩት። ክፍሉን የምታጸጂው እናቴ ደሞ፣ የበሩን እጀታ ሳትወለውዪ ወጥተሽ አታውቂም፣ ከአልጋዬ ሆኜ አይሽ ነበር።

ስማችሁን ያልጠራሁ በጣም ይቅርታ፣ መድኃኒቱ አእምሮዬን ገና አልለቀቀውም። ከበር የተመለሳችሁም ይቅርታ፣ እሷን ግን አትቀየሟት፣ ትእዛዙ የሐኪም ነው። አንድ ዙር ኬሞ ስለሚቀረኝ በሩ ላይ አሁንም ያው እሷ ናት፣ የሚያስነጥሳችሁ ደውሉልኝ፣ አነሳለሁ።