እማዬ፣ አብረሽው ግቢ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። ሦስት ሳምንት ስልክ ያላነሳሁት ተቀይሜ አይደለም። ድምፄን ከሰማሽ ስለምታውቂብኝ ነው። አሁን አልፏልና ልንገርሽ።

ልጄ የትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን ውስጥ ሊገባ ነው። እዚህ አሜሪካ ተማሪ ከመወዳደሩ በፊት ሐኪም አይቶት ፎርም ይፈርምለታል። ትምህርት ቤቱም አንድ ቀን ሐኪሞች ጠርቶ ልጆቹን አሰልፎ በርካሽ ያስመረምራል። ከሥራ መቅረት ስለከበደኝ እዚያው ይታይ ብዬ ነበር። ማታ ፎርሙን ስሞላ ግን አንድ ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ። ከዘመድ 35 ዓመት ሳይሞላው በልብ ወይም በድንገት የሞተ አለ ወይ ይላል። በውሃ የሰጠመም ይቆጠራል።

አጎቴ ትዝ አለኝ። ዋና እያወቀ ወንዝ ወሰደው የተባለው ወንድምሽ። 29 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊትም ሲሮጥ ሁለቴ ራሱን ስቶ ወድቋል ትይኝ ነበር።

ስለዚህ ልጁን ወደ ቤተሰብ ሐኪማችን ወሰድኩት። ልቡን አስተኝቶ አዳመጠው፣ አስቁሞ ደገመው። የልብ ጡንቻ ሲወፍር ድምፁ ብዙ ጊዜ ሲቆሙ ነው የሚጎላው አለኝ። በዘርም ይተላለፋል። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምት ምርመራ አዘዘ፣ የልብ አልትራሳውንድ አዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ንጹህ ነው፣ እሰይ።

የጨነቀኝ ወንድሜ አቡሽ ነው። ለውድድሩ ትምህርት ቤት መረመሩኝ ብሎ በድምፅ ልኮልኛል። በቱታው ላይ አዳምጠውት ማህተም መቱለት። እኔ ሐኪሙን አልወቅስም፣ ያ ሁሉ ልጅ ተሰልፎ ምን ያድርግ? ግን አቡሽ ልጅ ሳለ ጉሮሮውን አሞት ጉልበቱ ሲያብጥ፣ እንጥሉን አስቆርጠን ዝም አልን። እንዲህ ያለው የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ካልታከመ የልብን ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ትልቋ እኔ ነበርኩ፤ ጤና ጣቢያ ልወስደው እችል ነበር። ይሄ ይቆጨኛል።

የላኩት 20 ሺህ ብር ለአቡሽ የልብ ምርመራ ብቻ ነው። ለሚጣ ሰርግ ለብቻው እልካለሁ። አባዬ «አሜሪካ ፈሪ አደረገቻት» ይበል፣ ግድ የለም። ቬሎዋን ስትለካ ግን ፎቶ አንሱልኝ። ፀጉሯን እኔ ነበርኩ የምሠራላት። ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ የሱሉልታ ሜዳ ከነውርጩ፣ ሯጮቹ በጭጋጉ ውስጥ ሲያልፉ፣ አንቺም ኩበቱን ስታቀጣጥዪ ይታየኛል።

እንጦጦን ተሻግራችሁ የልብ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አቡሽ ውድድሩ እንዳይቀርበት «ምንም የለብኝም» ነው የሚለው። ስለዚህ ውጪ አግዳሚው ላይ አትጠብቂው፣ አብረሽው ግቢ። የጉልበቱን ለሐኪሙ ንገሪው። የወንድምሽንም፣ እንባሽ ቢመጣም ንገሪው።

ስትወጡ ደውዪልኝ። ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።