«አብሽሪ» ሲሪንጅ ውስጥ አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር መኪናዬን ዘርግቼ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ስለ በጀት የምጽፍ ሰው አልነበርኩም። የክልላችን ምክር ቤት ግን ሐምሌ ላይ በጀት ያጸድቃል፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ሁለቱ እንደሚገናኙ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ወንድሜ የታመመው አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው። እኛ ዘንድ «ጨርቁን ጣለ» ይባላል። ይህ አባባል ልብስ ሰፊን እንዴት እንደሚያመው እናንተው ገምቱት። እንደ ወሎ ሰው ሁሉን ሞከርን። እናቴ ወዳጃ አስቀመጠች፤ ቡና ተፈላ፣ ጫት ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ። ክርስቲያኗ አክስቴ ደግሞ ጸበል ይዛው ሄደች። አላማርርም። ያኔ ከጎናችን የቆመው ይኸው ሰው ነበር። ሌሊት እየወጣ አስፋልት ላይ መተኛት ሲጀምር ግን ጓዳ ውስጥ በሰንሰለት አሰርነው። አይሱዙ እንዳይበላው ብለን ነው። የሰንሰለቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር፤ አልክድም።

ደሴ ወስደነው መርፌውን ከጀመረ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ፍሉፌናዚን ይባላል፤ በወር አንዴ ነው። ዓመት ሳይሞላው ከጎኔ ተቀምጦ የሸሚዝ ቁልፍ ይተክል ጀመር። ከደንበኛ ጋር ይቀልዳል፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱን የሚጠይቁ ነበሩ። ቀጠሮውም አቅራቢያችን ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወረልን። እዚያ ስለ አእምሮ ሕመም የሠለጠነች ነርስ ነበረች። ስሙን ጠርታ ነው የምትቀበለው።

ከዚያ ነርሷ ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረች። መርፌውም አለቀ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ሠራተኞቹ ምን ያድርጉ? ሦስት ወር ተመላለስን። በሄድን ቁጥር «አብሽሪ፣ ይመጣል» ይሉኛል። አብሽሪ ወሎ ያደገ ሰው ሁሉ የሚወደው ቃል ነው። ወንድሜን ግን አላስተኛውም። በሦስተኛው ወር ሌሊት መተኛት አቆመ፤ አንድ ቀን ገበያ ደርሼ ስመለስ የደንበኛ የሠርግ ሱፍ በመቀስ ቆራርጦ ጠበቀኝ። ሱፉን ከፈልኩ። የማልረሳው ግን ሱፉን አይደለም። እናቴ «ሰንሰለቱ የት ነው ያለው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

ደግነቱ ሰንሰለቱን ሸጨዋለሁ። እንደገና ደሴ ወጣን። የጤና መድን ደብተር አለን፣ መዋጮአችንንም ከፍለናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከሌለ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሳችን ነው የምንገዛው። የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ትራንስፖርት ደግሞ የአሥር ሱሪ ማሳጠሪያ ይበላል።

አንድ ጤና መኮንን ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሳለ ይህንኑ አወራሁት። ጉራጌ ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ ጥናት ተደርጎ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲከታተሏቸው ውጤቱ ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንዳላነሰ ነገረኝ። ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚለው ሐሳብም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ ስትራቴጂ ተጽፎ ኖሯል። ታዲያ ለምንድን ነው አሁንም ሰው ሲታመም «አማኑኤል ውሰዱት» የሚባለው? አማኑኤል ያለው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

የወንድሜን ብቻ እያወራሁ እንዳይመስልባችሁ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ የነበሩበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። የተዘረፉ ጤና ተቋማት አልጋና ማይክሮስኮፕ መልሰው ሲያገኙ ደስ ብሎናል። ግን አንዲት ደንበኛዬ እስከ ዛሬ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ስፌት መኪናዬ ሥር ትገባለች። ከዚያ ወጥታ ትስቃለች፣ እኛም እንስቃለን። እሷን ማን ጋ ልላካት?

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ አዲስ ሕንፃ ሥሩልን አላልኩም። ለአእምሮ ጤና ራሱን የቻለ በጀት ይያዝ፤ ከሌላው መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ መጨረሻ ላይ የሚታይ አይሁን። አንዲት ነርስ ስትቀየር የሚተካት ሰው አስቀድሞ ይሠልጥን። የጤና መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ይህንንም እዚሁ ወሎ ጀምሩትና እዩት።

የወንድሜ ቀጣይ ቀጠሮ ሐምሌ 9 ነው። መርፌው መኖሩን ጠዋት ደውዬ ሳልጠይቅ ከቤት አንወጣም።

አንዲት ልብስ ሰፊ
ከደቡብ ወሎ