ለተሸከማችሁኝ ሁሉ

የአብዛኞቻችሁን ስም አላውቅም። የአንዳንዶቻችሁን መልክም በደንብ አላስታውስ፤ ሕመሙ ዓይኔን ጋርዶት ነበር። በየቤታችሁ ዞሬ ማመስገን ስላልቻልኩ ነው እዚህ የምጽፈው። ያያችሁ ላላዩት አድርሱልኝ።

መስከረም 21 የጊሸን ማርያምን አንግሼ ስወርድ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጠኝና ቅልጥሜ ተሰበረ። ስለ አወዳደቄ የሚወራ ነገር የለም። የሚወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

መጀመሪያ የደረሰልኝ አንድ ዲያቆን ነው። ምንም ሳይናገር መቋሚያውን እግሬ ጎን አጋደመው። አንዲት እናት ነጠላቸውን ተርትረው እግሬን ከመቋሚያው ጋር ጠፍረው አሰሩት። ለበዓል የለበሱትን አዲስ ነጠላ! «ተዉ እማማ» ብላቸው «ዝም በይ፣ ነጠላ ይገዛል» አሉኝ። ጎረምሶቹ ጋቢ በሁለት እንጨት ወጥረው ቃሬዛ ሠሩ። ያን ገደላ ገደል ሰው ተሸክሞ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ጊሸን የወጣ ያውቀዋል። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካል። ዲያቆን ሆይ፣ መቋሚያህ እኔ ቤት ነው፤ በአደራ ተቀምጧል።

ቃሬዛ ላይ የተኛ ሰው ሰማይ ነው የሚያየው። ከላያችን አንድ ትልቅ አሞራ ያንዣብብ ነበር። በደጋችን ገደል አጥንት እየበላ የሚኖር አሞራ አለ። ትልልቁን አጥንት ከላይ ዓለት ላይ ይለቀውና ሲሰባበር ወርዶ ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ አጥንት ያሟሟል። እሱ ይሁን አይሁን እንጃ። «ይሄ ዛሬ ሳይለፋ የተሰበረ አገኘ» ብዬ ስስቅ ግን የተሸከሙኝ ልጆች አእምሮዋን ሳተች ብለው ደነገጡ። ለአሞራውም የአጥንት ምሳ ያዘጋጀ ጌታ ይመስገን፤ የኔን ስላላደረገው ደግሞ ይበልጥ ይመስገን።

አምባውንም ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። ስወጣ እግሬን እንጂ ተራራውን አላይም ነበር። የሥነ ምድር ሰዎች የወሎን ተራሮች የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈስሶ፣ ተነባብሮ የረጋ ቅልጥ ዓለት ነው ይላሉ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ሸርሽሮ አምባ አደረገው። እኔን ይሄ አይከፋኝም። እዚሁ ወሎ፣ ላሊበላ ላይ፣ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ሲወጡ የሰው እጅ መሮ ይዞ ነበር። ጊሸንን ግን መስቀል አድርጎ የቀረጸው ውኃ ነው። ውኃውን ማን ላከው?

ግርጌው ላይ የአካባቢው ሙስሊም ወንድሞቼ ቃሬዛውን ተቀበሉ። «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» እያላችሁ እስከ መኪናው ያደረሳችሁኝ፣ አላህ ጉልበታችሁን ይባርክ። ሾፌሩም ሳንቲም አልቀበልም ብሎ ደሴ ድረስ አድርሶኛል።

ደሴ ላይ ያከመኝ ሐኪም ወጣት ነው፣ ልጄ ሊሆን ይችላል። ራጁን አሳየኝና «እኛ አስተካክለን በጄሶ እንይዘዋለን፤ የሚገጥመው ራሱ ነው» አለኝ። እንዴት ብዬ ነዘነዝኩት፤ ሳይሰለች አስረዳኝ። አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ደም ስብራቱ ላይ ተሰብስቦ ይረጋል። በሳምንታት ውስጥ፣ ጆሯችን ከተሠራበት ጋር የሚቀራረብ ለስላሳ ነገር ክፍተቱን ይሞላዋል። ያ ደግሞ ቀስ በቀስ ካልሲየም እየያዘ ይጠነክራል። በኋላ ላይ ትርፉን እየበሉ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመልሱ ሕዋሳት አሉ፤ እሱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ከሁሉ የገረመኝ፣ ቆዳ ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፣ አጥንት ግን በአጥንት ነው የሚተካው። ዶክተር፣ አንተ ሥራህን ሠርተህ ሄድክ፤ እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተአምር ነው» ይለኛል። ሌላው «ሕክምና ነው እንጂ ምን ተአምር አለው» ይለኛል። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ለእኔ ተአምሩ የተሠራው ከመውደቄ በፊት ነው። አጥንት እንደሚሰበር የሚያውቅ አምላክ መጠገኛውን እዚያው አጥንቱ ውስጥ አስቀመጠው። ጊሸን ለወጣውም ላልወጣውም፣ ለሚያመሰግነውም ለማያመሰግነውም እኩል አስቀመጠው። ሐኪሙም እጁን ያገኘው ከዚያው ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ ደም ወደ ስብራቱ እንደሚሮጥ ሮጣችሁ የመጣችሁት ማንም አዟችሁ አይደለም። ርኅራኄውን ቀድሞ ውስጣችሁ ያኖረ አለ። እኔ እሱን ሳመሰግን እናንተን ዘልዬ አይደለም።

ወጌሻ ካልሄድሽ ብላችሁ የተሟገታችሁኝ አክስቶቼ፣ ለፍቅራችሁ አመሰግናለሁ። በጄሶው ላይ ግን አሁንም አንስማማም።

ጎረቤቴን ለብቻ ማንሳት አለብኝ። ሙስሊም ናት። ጄሶው እስኪፈታ ቤቴን የያዘችው እሷ ናት። ጠዋት አጥሚት፣ ከሰዓት ቡና እስከ በረካው። ለስብራት የቅልጥም መረቅ ያስፈልጋል ብላ አምናለች። ሥጋችን ደግሞ ይለያያል። ምን አደረገች? ለልጄ ብር ሰጥታ «ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ቅልጥም ገዝተሽ ቀቅይላት» አለቻት። ጾመ ነቢያት ሲገባ ከእኔ ቀድማ አስታውሳ የጾም ሽሮ ይዛልኝ መጣች። ሌሊት ስትነሳ ዱዓ ታደርግልኝ እንደነበር የነገረኝ ባሏ ነው፤ እሷ አልነገረችኝም። እህቴ፣ ምን እልሻለሁ? ፈጣሪ ይቁጠርልሽ።

አሁን ክራንቹን ጥያለሁ። ትንሽ አነክሳለሁ፣ እሱም ይለቅሻል ብለውኛል።

ከጥር 21 ቀጥሎ ባለው እሁድ ቤቴ ጠበል ጸዲቅ አለ። የተሸከማችሁኝ፣ ያሰራችሁኝ፣ ያከማችሁኝ፣ የጸለያችሁልኝ ሁሉ ኑ። በጉ እንደ አገራችን ደንብ ለየብቻ ይታረዳል፤ የሙስሊሞቹን የሚያርደው የጎረቤቴ ባል ነው። ወንበርና ድስት ከእድር ስለምንዋስ ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ አስቀድማችሁ ንገሩን።