ሞምባሳን በግንቦት መጥታችሁ እዩዋት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ኬንያዋ የባሕር ዳር ከተማ ስለ ሞምባሳ ሽርሽር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። ነጩ አሸዋ፣ የዘንባባው ጥላ፣ ፎርት ጂሰስ የሚባለው የድሮ ምሽግ፣ ባሕር ዳር በግመል መሄዱ፣ ሁሉም እውነት ነው። አንድ ነገር ግን አላስቀመጠኝም። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ናይሮቢ እንግልት ነው፣ ኑሮ ማለት ሞምባሳ ነው ብሎ ነው የዘጋው። አራት ቀን ሆቴል ያደረ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ግን ይህን አምኖ ጓዙን ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው አለ። አይቻለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ ናይሮቢ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ሞምባሳ ደግሞ ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የሞምባሳ ልጅ ነው፣ ሊኮኒ የሚባል ሰፈር። ሥራዬ ፀጉር ነው። ናይሮቢ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፣ እዚህ ባምቡሪ አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራይቼ ለራሴ እሠራለሁ። እጄም ሙያዬም ያው ነው፣ የተለወጠው ከተማው ብቻ ነው።

ከናይሮቢ ልነሳ። አየሩ ለእኛ ሰው ይስማማል። ከተማዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐምሌ ላይ ሹራብ ታስለብሳለች፣ ጠዋት ስትወጡ አዲስ አበባ ያላችሁ ይመስላችኋል። ኢስሊ የሚባለው የገበያ ሰፈር ወርዳችሁ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የፈለጋችሁትን ትገዛላችሁ። ሀርሊንግሃምና ኪሊማኒ በኩል እንጀራ የሚያቀርብ ምግብ ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያን አለ። ለቅሶም ሠርግም ቢሆን የሚሰበሰብ ሰው አለ። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ስዋሂሊ አንድ ቃል አላውቅም ነበር፣ ያኔ ያቆመኝ ይሄ ነው።

መንገዱ ግን ዕድሜ ይበላል። ቤት ኪራይ ረከስ የሚለው በምሥራቁ በኩል ስለሆነ እዚያ ነበር የምኖረው። ሥራዬ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። አንድ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ ነው) እስከ መሀል ከተማ፣ ከዚያ በእግሬ ሰው እየተጋፋሁ ሌላ ማታቱ። ማታ ደግሞ ያንኑ መልሶ። ዝናብ የጣለ ቀን ረዳቱ ዋጋውን ያንረዋል፣ ጭቅጭቅ የለም፣ ወይ ትከፍላለህ ወይ ትቆማለህ። ልጄን የወለድኩት እዚያ ነው፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እኔ ስወጣም ስገባም ተኝቶ ነበር የማየው። በፈረንጆች 2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ በላያችን ተዘርግቷል ይሉኛል፣ አዎ፣ ግን እሱ መኪና ላለውና ክፍያው ለማይከብደው ነው። ከታች ያለው ሰው ያው ከታች ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ስለ ናይሮቢ አንድ ትልቅ ነገር መናገር አለብኝ። ገንዘቡ አይቋረጥም። ናይሮቢ መሥሪያ ቤት አለ፣ ኤምባሲ አለ፣ ባንክ አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደመወዝተኛው በወር መጨረሻ ደመወዙን ያገኛል፣ ሲያገኝ ፀጉሩን ይሠራል። ጥር ላይ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉንም ስለሚያራቁት «ንጃኑዋሪ» ይሉታል፣ «ንጃ» ረሃብ ማለት ነው። እሱም ሦስት አራት ሳምንት ነው። ያልፋል። ሰባት ዓመት ስሠራ ኪራይ ያልከፈልኩበት ወር የለም።

ሞምባሳ እንዲህ አይደለችም። እዚህ ገንዘብ ወቅት አለው። ይህንን ነው በደንብ እንዲገባችሁ የምፈልገው።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ሰሜን ምሥራቁ ነፋስ፣ ካስካዚ የሚሉት፣ ይነፍሳል። ሰማዩ ጥርት ይላል። አውሮፓ ብርድ ስለሆነ ፈረንጁ ይመጣል። በታኅሣሥ የናይሮቢ ሰው በሙሉ የወረደ እስኪመስል ድረስ ከተማው ይሞላል። የዚያን ጊዜ እኔ ቁጭ የምልበት ደቂቃ የለኝም። ከዚያ ሚያዝያና ግንቦት ነፋሱ ይዞራል፣ ኩሲ የሚሉት ነፋስ ይገባል፣ ከባዱ ዝናብ ይመጣል። ሆቴሎቹ ባዶ ይሆናሉ። ግማሹ ክፍሎቹን ዘግቶ ያድሳል፣ ግማሹ ጨርሶ ይዘጋል። በጊዜያዊነት የተቀጠሩት ልጆች «ስንፈልግ እንደውላለን» ተብለው ይሸኛሉ። አስተናጋጇ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ኮኮናት ሻጩ፣ የባጃጅ ሹፌሩ (እዚህ ቱክቱክ ነው የሚሉት)፣ ሁሉም አንድ ገመድ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

የእኔ ደንበኞች እነማን መሰሏችሁ? ፈረንጆች አይደሉም። እነዚያ የሆቴል ልጆች ናቸው። እነሱ ሲሸኙ የእኔ ወንበር ባዶ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ በሳምንት ሁለት ሰው ብቻ የሠራሁበት ጊዜ ነበር። ኪራዩ ግን ዝናብ አይልም፣ ፀሐይ አይልም። ከአንድ ሆቴል ጋር ደግሞ የእንግዶችን ፀጉር ልጎነጉን ተስማምቼ ነበር። ዝናቡ ሲገባ በቃ ተባልኩ፣ የሠራሁበትን የሁለት ወር ሒሳብ ያገኘሁት እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ ነሐሴ ላይ ነው።

ዝናቡስ በየዓመቱ ስለሚመጣ ይጠበቃል። የማይጠበቀው የባሰ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ጸጥታው ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አስጎብኚ ድርጅቶች ቱሪስቶቻቸውን በአውሮፕላን ጭነው መለሱ። ባለቤቴ ያኔ አስተናጋጅ ነበር። የሚሠራበት ሆቴል ተዘጋ። ሥራ ፍለጋ ናይሮቢ የወጣው በዚያ ምክንያት ነው፣ የተዋወቅነውም እዚያ ነው። በ2020 ደግሞ ኮሮና መጣ፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንመለስ ወደ ሆቴል ሥራ አልገባም አለ። አሁን ወደብ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ሸክሙ ከባድ ነው፣ ግን መርከብ በዝናብም ይመጣል።

ስለ ባሕሩ ልንገራችሁ። እዚህ የሚኖር ሰው ባሕር ዳር የሚውል ይመስላችኋል። እኔ በወር አንዴ ብሄድ ነው። ባሕሩ ራሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሲሸሽ እስከ ድንጋዩ ድረስ በእግር ትሄዱበታላችሁ፣ ሲመለስ አሸዋውን ይውጠዋል። የሕዝብ የሚባለው ዳርቻ እሁድና በበዓል በአገሩ ሰው ይሞላል፣ ልጆች የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ተከራይተው ይዋኛሉ። ደስ ይላል። ከዚያ ውጭ ያለው ቀን ግን ሥራ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ውኃ ፍለጋ ነው።

ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። የካቲትና መጋቢት ሌሊትም አይበርድም። ፋን ሳይከፈት እንቅልፍ የለም፣ ፋኑ ደግሞ የመብራት ቶክን፣ አስቀድመን የምንገዛውን ካርድ ማለት ነው፣ ይበላል። እርጥበቱ መቀሱን ያዝገዋል፣ በየሳምንቱ ዘይት እቀባዋለሁ። ቧንቧው ቀናት ሙሉ ይጠፋል። ሰፈራችን ያለው የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ነው፣ ለመጠጥም ለፀጉርም አይሆንም፣ ስለዚህ በጋሪ 20 ሊትር ጀሪካን ደርድረው ከሚያዞሩት እገዛለሁ። ናይሮቢም ውኃ በፈረቃ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን እዚያ በቀን አንዴ ብትታጠቡ ይበቃል።

መንገድ ከተባለም ሞምባሳ ከመንገድ ጭንቀት ነጻ አይደለችም። መሀል ከተማው ደሴት ነው። በሰሜን ወደ እኛ የሚያመጣው የኛሊ ድልድይ ማታ ማታ ይጨናነቃል። በደቡብ ወደ ሊኮኒ ለመሻገር በጀልባ ነው፣ ፌሪ። ለእግረኛ ነጻ ነው። በር ሲከፈት ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው የሚገባው። አማቴ እስካሁን ስትሳፈር ጸሎት ሳታደርግ አትገባም፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ምቶንግዌ በሚባለው መሻገሪያ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከ270 ሰው በላይ ሲያልቅ ታስታውሳለች። እሁድ እሁድ ልጃችንን ይዘን ስንሻገር እጁን አጥብቃ ትይዛለች፣ ወዲያ ማዶ እስክንደርስ አትለቀውም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያማረረች ሴት ለምን አትመለስም ትሉ ይሆናል። አልመለስም። ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ማታው ነው። ናይሮቢ ጀምበር ስትጠልቅ ሁሉም ቤቱ ለመግባት ይሮጣል፣ ከገባ በኋላ በሩን ይቆልፋል። ሰባት ዓመት ስኖር የጎረቤቴን ስም አላውቅም ነበር። እዚህ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ከቤት ያወጣዋል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መንገዱ ዳር ድንች ይጠበሳል፣ ካሳቫ ይጠበሳል፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። ሴቶቹ ምንጣፍ አውጥተው ደጅ ይቀመጣሉ። ልጆች ይሯሯጣሉ። ልጄ የማን ቤት እራቱን እንደበላ የማላውቅበት ቀን አለ። አዛውንት ሲያይ «ሺካሞ» ብሎ ዝቅ ይላል፣ እነሱም «ማራሃባ» ይሉታል። ጠዋት ጎረቤት ጋር ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ነው፣ እንዴት አደርሽ፣ ቤቱስ፣ ልጁስ፣ ሥራስ። የእኛ አገር ሰላምታ ማለት ነው። ሰዓቱ ሳይቀር እንደኛው ነው የሚቆጠረው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ የእኛው አንድ ሰዓት ነው።

እናቴ አምና ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፣ በአየር መንገዳችን በቀጥታ። ሦስት ሳምንት ቆየች። አሮጌው ከተማ ወስጄ «ካሃዋ ቹንጉ» አጠጣኋት። በትልቅ የናስ ማንቆርቆሪያ ከሰል ላይ ተጥዶ በትንንሽ ሲኒ የሚሸጥ መራራ ቡና ነው፣ ዝንጅብል አለበት። ካሻታ ከምትባል የኮኮናት ጣፋጭ ጋር ነው የሚጠጣው። ሁለተኛ ሲኒ ጠየቀች። ቤት ስንገባ ያመጣችውን ቡና ቆልታ አፈላች፣ ጎረቤቶቼ በጭሱ ተጠርተው መጡ፣ አንዳቸውም የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ እስከ ሦስተኛው ድረስ አብረው ተቀመጡ። ናይሮቢ መጥታ የጎበኘችኝ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ብቻዋን እኔን ስትጠብቅ ነበር የምትውለው።

እንዳልዋሽ፣ የሚጎድለኝም አለ። እዚህ የእኛ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ፋሲካን ናይሮቢ ካልሄድኩ የጾምኩት ጾም አይመስለኝም። በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው ባቡር ለዚህ ረድቶኛል። በአምስት ስድስት ሰዓት ያደርሳል፣ ድሮ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ነበር። ከ2024 ጀምሮ የመደበኛው ወንበር ዋጋ ከ1,000 ወደ 1,500 ሺሊንግ ጨምሯል፣ ለቤተሰብ ደርሶ መልስ ስትሉት ይከብዳል። ጣቢያዎቹም ሁለቱም ከተማ ዳር ናቸው፣ እዚህ ሚሪቲኒ፣ እዚያ ሲዮኪማው። ቢሆንም ጻቮ፣ የዱር አራዊቱ ፓርክ ላይ፣ ልጄ በመስኮት ዝሆን ይቆጥራል። ስመለስ ጤፍና በርበሬ ጭኜ ነው።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህታችን ኢስሊ የነበራትን የልብስ ሱቅ ሸጣ መጣች። ታኅሣሥ ላይ ለሽርሽር መጥታ ነበር፣ ባሕሩን አየች፣ የሰዉን ብዛት አየች፣ ገበያ አለ አለች። ጥር ላይ ከባሕሩ አጠገብ ውድ ቤት ተከራየች። የስድስት ወር ቅድሚያ ከፈለች። እኔ ያኔ በደንብ አላውቃትም፣ ባውቃት ኖሮ እግሯ ላይ ወድቄ እለምናት ነበር። ግንቦት ላይ ዕቃዋን በግማሽ ዋጋ ስትሸጥ ነው የተገናኘነው። ሰኔ ላይ ወደ ናይሮቢ ተመለሰች፣ አሁን በሸጠችው ሱቅ አጠገብ ተቀጥራ ትሠራለች። ጎበዝ ሴት ናት። ያላወቀችው የዝናቡን ወር ብቻ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ስለ ሞምባሳ ስትጽፉ ይሄንንም ጻፉ። መምጣት የሚፈልግ በግንቦት ይምጣ። ሆቴል ሳይሆን ኪሳውኒ ወይም ሊኮኒ አንድ ክፍል ተከራይቶ አንድ ወር ይቀመጥ። ዝናብ እየዘነበ ገበያውን ይይ፣ ውኃ በጋሪ ይግዛ፣ ፌሪ ላይ ይሳፈር። ከቻለ ደግሞ ገቢው ከሆቴል ጋር ያልተያያዘ ሥራ ይፈልግ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ወደብ አካባቢ። የናይሮቢውን ሥራ ደግሞ ያን ወር ሳያይ እንዳይለቅ። እኔ ራሴ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከታኅሣሥ ገቢ የአራት ወር ኪራይ ለይቼ ኤምፔሳ፣ የስልክ ገንዘብ ሒሳቤ ላይ አስቀምጣለሁ፣ አልነካውም። የዘንድሮውን ግንቦት ያለፍኩት በእሱ ነው።

ይህን የምጽፈው ሐምሌ ገብቶ ነው። ትናንት ሁለት የሆቴል ልጆች ፀጉር ሊሠሩ መጡ። ሰኞ ሥራ ግቡ ተብለው ተደውሎላቸዋል። አንደኛዋ ከሚያዝያ ጀምሮ ያልፈታችውን ሹሩባ እየፈታሁላት ስልኳን ደጋግማ ታይ ነበር፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ብላ።

አንባቢያችሁ፣
ከባምቡሪ፣ ሞምባሳ