ከአራት ኪሎ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ

ውድ ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ አፍራለሁ። ሰበብ ከምደረድር ግን አራት ኪሎ ቡና ላይ ሳንቋጨው የተለያየንበትን ክርክር ብቀጥል ይሻላል። አንተ «ሰው ቦታ ሲቀያይር መተባበር ይጠፋል» ብለኸኝ ነበር፤ ዛሬ ግማሹን ብቻ እቀበልሃለሁ።

የምቀበለው ግማሽ ጠንካራ ነው። የእስረኞች አጣብቂኝ በሚባለው ጨዋታ (ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው መተባበርን ወይም መክዳትን ይመርጣሉ፤ ለየብቻ መክዳት ያተርፋል፣ ሁለቱም ከከዱ ግን ሁለቱም ከተባበሩ ከሚያገኙት ያነሰ ያገኛሉ) ማንም ከማንም ጋር እንዳጋጣሚ የሚገናኝ ከሆነ፣ ከዳተኛው ሁልጊዜ ስለሚያተርፍ ተባባሪው እየተመናመነ ያልቃል። ተመራማሪዎቹ ማርቲን ኖዋክና ሮበርት ሜይ ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ተጫዋቾቹን እንደ ዳማ ገበታ ባለ ሜዳ ላይ ተክለው፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቶቹ ጋር ብቻ እንዲጫወትና ከመካከላቸው የተሻለ ያገኘውን እንዲከተል ቢያደርጉ፣ የክህደቱ ትርፍ ከልክ እስካላለፈ ድረስ ተባባሪዎች ተጠጋግተው በመቆማቸው ብቻ መዝለቅ እንደሚችሉ ታየ። ትውስታ የለ፣ ቅጣት የለ፤ ጉርብትና ብቻ። ማግነስ ኤንክዊስትና ኦሎፍ ላይማር እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳመለከቱት ደግሞ፣ አንዱን አታልሎ ወደማያውቀው ሌላ ሰው በቶሎ መሻገር የሚችል ከዳተኛ ትብብርን ክፉኛ ይጎዳል። የእቁብ ዳኞቻችን ይህን ያለ ሒሳብ ያውቁታል፤ ዕጣ ቀድሞ የሚወጣለትን ሰው ዋስ የሚያስጠሩት ለዚህ ነው። (እኔም ዋስ ሆኜ የከፈልኩትን ታስታውሳለህ፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ አልተገኘም።)

የማልቀበለው ግን መንቀሳቀስን ሁሉ አንድ አድርገህ ማየትህን ነው። አቲና አክቲፒስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያጠናችው ተባባሪ ተጫዋች ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ባልንጀራው ከከዳው ትቶት ይሄዳል፣ ካልከዳው አብሮት ይቆያል። ይህ ብቻ ትብብር እንዲጸና ሊበቃ ይችላል። ዲርክ ሄልቢንግና ዌንጂያን ዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ተጫዋቾች በአቅራቢያቸው ያሉትን ባዶ ቦታዎች መዝነው የሚሻላቸውን ይመርጣሉ፤ ሁሉም ከዳተኛ ሆኖ ቢጀመር እንኳ፣ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ በሚደረግ የጠባይ ለውጥ የተነሣ ትብብር በቅሎ ሊስፋፋ ይችላል። እንዳጋጣሚ መበተንና መርጦ መሄድ ስለዚህ አንድ አይደሉም።

ይህን ያስታወሰኝ የእማዬ እድር ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ አባላቱ ሳይመርጡ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ በአንተ አባባል እድሩ ያኔውኑ መሞት ነበረበት። እነርሱ ግን በየወሩ በታክሲ እየመጡ ይሰበሰባሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ለቅሶም ይደርሳሉ። ከላይ በነገርኩህ የዳማ ገበታ ላይ ጎረቤት ማለት አጠገብህ የቆመ ሰው ነው፤ በእድሩ መዝገብ ግን ጎረቤት ማለት ስሙ የተጻፈ ሰው ነው፣ ቦሌ አራብሳም ይኑር ኮዬ ፈጬ። ቦታውና ትስስሩ ሲለያዩ ሒሳቡ ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ የተሻለ ትሠራዋለህ፤ በተለይ የታክሲው ወጪ ከመዋጮው ሲበልጥ ማን ቀድሞ እንደሚቀር አስላልኝ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች።

ወንድምህ