ችግኝ ከነፕላስቲኩ አይተከል

ክቡር አዘጋጅ፦

በክረምት በአዲስ አበባ መንገድ ዳርና በየግቢው የተተከለ ችግኝ በበጋ ሲደርቅ ያሳዝነናል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ግን በተከላው ዕለት ነው። ከሁሉ የከፋው ችግኙን ከነፕላስቲኩ መቅበር ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠመጠማል፤ የክረምቱ እርጥበት ሲያልቅ ውኃ ወዳለበት አፈር መድረስ አይችልም። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቀዶ ማውጣት፣ ከታች የተጠማዘዘውን ሥር መቁረጥ፣ አፈሩ እንዳይፈርስም በእጅ ደግፎ ማስገባት ነው። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይበቃዋል። የግንዱ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ አይቀበር፤ ይበሰብሳል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ 10 ሊትር ያህል ውኃ ቀስ ተብሎ ይፍሰስለት። በየቀኑ ጥቂት መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር በበጋ ተሰንጥቆ ሥር ስለሚያጋልጥ ዙሪያውን ደረቅ ሣር ማልበስ ይጠቅማል፤ ሣሩ ግንዱን አይንካ።

ለዝርያው ዋንዛና ወይራ እንመርጣለን፦ ፍሬያቸውን ወፎች ይበሉታል፣ የዋንዛን አበባ ንብ ይቀስማል። ባሕር ዛፍ ለጠባብ ግቢ አይሆንም።

የእግረኛ መንገድ የሚያነጥፉም በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ክፍት አፈር ይተዉ፤ ሲሚንቶው አንገቱ ድረስ ከደረሰ የዝናቡ ውኃ ወደ ሥሩ ሳይሰርግ ወደ ቦይ ይሄዳል።